በሬዲዮ የወለድኳት ልጅ

ባለፈው የገበያ ቀን እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ከአንዲት የአምባሰል ማር ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ የባልዲዋን ክዳን ገለጥ ስታደርገው የማሩ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ሳላስበው አውራ ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ወዲያው ከጀርባችን ካለው ሱቅ ሬዲዮ የገዛ ድምፄ ወጣ። «ይቺ ልጅ ልጄ ትሁን፤ የእኔም የባሌም ልጅ ትሁን» ይላል። እልልታ ይከተላል፤ ከዚያ አንድ ጎረምሳ የጣቢያው የምሥረታ በዓል ሊከበር መሆኑን ይለፍፋል። ማር ሻጯ አዳምጣ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «ይቺን ሴት አንድ ቀን በዓይኔ ባየኋት። ምን ያለ ልብ ነው የሰጣት እናንተዬ። እኛማ በጎረቤት ዶሮ እንጣላለን» አለች። እኔ ማሯን በጣቴ ቀምሼ «ስኳር አለበት» አልኳትና ተነስቼ ሄድኩ። ስኳር አልነበረበትም።

ስሜ ዘነቡ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ ወደ ሐይቅ የመጣሁት መምህር ይመርን አግብቼ ነው። ያን ጊዜ ባጃጅ ብርቅ ነበር፤ ሰውም ጤፍም በጋሪ ነበር የሚጓዘው። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ከሐይቁ ያወጡትን ቆሮሶ ዓሣ በልጥ ሰክተው በየበሩ እያዞሩ ይሸጡ ነበር፤ ለሁለት ሰው እራት የሚበቃው ዓሣ ዛሬ አንድ ብርጭቆ ሻይ በማይገዛ ገንዘብ ይገኝ ነበር። የወንዱ ኮት ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም ነው፤ የሴቱ ሻሽ አበባ የበዛበት ነው። እኔ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሼሆች ጀለቢያ እሰፋለሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም ደንበኛዬ ነው። ከይመር ጋር ግን ልጅ አልወለድንም። ጸበል ሄድን፣ ለግሸን ማርያም ተሳልን፣ ደሴ ሐኪም ቤት ተመላለስን። ከዚያ ስለ ጉዳዩ መነጋገር ተውን፤ ቀስ በቀስ ስለ ሌላውም ነገር መነጋገር ተውን። ሲመሽ እሱ ደብተር ያርማል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ጠብ የሌለበት ቤት ነበር፤ ጨዋታም አልነበረበትም።

ዘመኑ ደግሞ ክፉ ሆነ። በእኛ በአማርኛ ተናጋሪዎቹና ወደ ቆላው፣ በባቲ በኩል ባሉት ኦሮምኛ ተናጋሪዎች መካከል ነገር ገባ። ማን ጀመረው የሚለውን ዛሬም አልነካካውም፤ ሁለቱም ወገን የራሱን ቀብሯል። እኔ የማስታውሰው ገበያውን ነው። የቆላው በርበሬና ማሽላ መምጣቱን አቆመ፤ የደጋው ምስርና ገብስ ገዢ አጥቶ ተቀመጠ። የቆላ ደንበኞቼ ያሰፉትን ልብስ ሳይወስዱ ቀሩ፤ አንድ ወንበር ሙሉ ጀለቢያና ድሪያ ተቆልሎ ባለቤቶቹን ይጠብቃል። ወደ ቆላ የተዳሩ ልጆቻችን ለእናታቸው ለቅሶ እንኳ መውጣት ፈሩ። የማኅበረሰብ ሬዲዮው የተከፈተው እንግዲህ ያኔ ነው። ከገበያው ጀርባ ያለ ባለ ቆርቆሮ ኪራይ ቤት ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ዝናቡ እስኪያባራ ሙዚቃ ብቻ ያሰማሉ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ወፍራም ጨርቅ መልበስ አለበት ተባለና ሥራው ለማን መጣ? ለእኔ። አሮጌ ብርድ ልብስ በስፖንጅ ላይ ደርቤ፣ መርፌ እየሰበርኩ ሰፋሁላቸው። ያቺን ክፍል በገዛ እጄ ነው ያሰናዳሁት።

ይመር ድምፁ ጥሩ ስለነበር ለአማርኛው እሱን መረጡት። ለኦሮምኛው ከባቲ በኩል መዲና የምትባል ልጅ መጣች። ሃያዎቹን የጀመረች፣ ቢጫ ድሪያ የምታዘወትር፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። ዝግጅታቸው «ማዶ ለማዶ» ይባል ነበር። በማሲንቆ፣ በአምባሰል ቅኝት ይጀምራል፤ ማሲንቆው ሳይቋረጥ ወደ ባቲ ቅኝት ይሻገራል፤ ከዚያ እሱ «እንዴት አመሻችሁ የማዶ ሰዎች» ይላል፣ እሷ በኦሮምኛ ትቀበለዋለች። ስለ ሰላም ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን የቀረበ ቀን ሰው ሬዲዮውን ይዘጋ ነበር። እነሱ ሌላ ዘዴ አገኙ፤ የጠፋ ከብት። «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ወይፈን ወደ ቆላ ወርዷል» ብሎ ይመር ያስነግራል፤ መዲና በኦሮምኛ ትደግመዋለች። በሳምንቱ ከቆላ መልስ ይመጣል፤ «ወይፈኑ ደህና ነው፤ ሆዳም ስለሆነ ግን ባለቤቱ ቶሎ ይምጣ» የሚል። አገሩ ሁሉ ይስቃል። ባለቤቱም ፈራ ተባ እያለ ይወርዳል፣ በልቶ ጠጥቶ ከነወይፈኑ ይመለሳል። ቀጥሎ ለቅሶ የሚደረሰው በሬዲዮ ሆነ፤ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»ም «ማሻ አላህ»ም የሚባለው በሬዲዮ ሆነ። እኔም የተቆለለውን ልብስ በዚያው አስነግሬ ባለቤቶቹ ሰው እየላኩ ወሰዱልኝ።

ደግ ሥራ ነበር፤ አልክድም። እኔን ያንገበገበኝ የይመር ሳቅ ነው። ሬዲዮው ውስጥ ሆኖ ከት ብሎ ይስቃል። ያን ሳቅ የማውቀው ከመጋባታችን በፊት፣ ከሐይቁ ዳር ሸንኮራ እየላጠ ሲያቀብለኝ ነው፤ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷን ሲጠብቅ ነው አልኩ። የሬዲዮውን ባትሪ ድንጋይ የምገዛው እኔ ነኝ። ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሼ አስገብቼ፣ ባሌ ከሌላ ሴት ጋር ሲስቅ እሰማለሁ። ሸሚዙ በከሰል ካውያ ካልተተኮሰ አይሄድም ጀመር። ሬዲዮ ላይ ማን ሊያየው ነው እላለሁ በሆዴ፤ እተኩስለታለሁ ደግሞ። ቤት ሲመጣ ጫማውን ያወልቃል፣ «ደህና ዋልሽ» ይላል፣ እራቱን በልቶ ዝም። አፉን እዚያው ትቶት የመጣ ይመስላል። ጎረቤቴ ተዋበች አንድ ቀን ያለቀ ቀሚስ ልትወስድ መጥታ «እትዬ፣ ትናንት ሰማሻቸው? ሁለቱ ሲጫወቱ ባልና ሚስት አይመስሉም?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኧረ እወቂበት። ወንድ ልጅ ልጅ ሲያምረው አያድርስ ነው» አለች። ቀሚሱን አንድ ጣት አጥብቤ ሰጠኋት።

መዲና ራሷ አንድ ሁለቴ ቤታችን መጥታለች። «እትዬ ዘነቡ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ወላሂ እንዲህ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም» ትለኛለች። እኔ ለእሷ የቀረበው ላይ ሚጥሚጣ አልሰሰትኩም ነበር። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ በልታ ጨረሰችው፤ ይመር ውኃ ሊቀዳላት ብድግ አለ። ለእኔ ውኃ ሊቀዳልኝ መቼ ተነስቶ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ የፈራሁት አንድ ነገር ነው። እኔ መውለድ አልቻልኩም፤ እሷ ወጣት ናት፤ አገሩ በሙሉ ወዷቸዋል። ይመር አንድ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ «ዘነቡ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳምጣለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ጣቢያው የደጋና የቆላ ሽማግሌዎችን ሐይቁ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ሰበሰበ። ማይክራፎኑ በረጅም ሽቦ ተዘርግቶ ነገሩ ሁሉ በቀጥታ ይተላለፋል። የቆላዎቹ ሽርጣቸውን አሳምረው በአንድ ወገን፣ የእኛዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሌላው ወገን ተቀመጡ፤ መሐላቸው ባዶ ሣር ነው። እኔ ከእኛ ወገን ሴቶች ጋር ከኋላ ነበርኩ። ጠዋቱን ሙሉ ተወቃቀሱ፤ ከሰዓት በኋላ በረድ አሉ፤ ማሳረጊያው ላይ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ የቆላ ሽማግሌ ሊመርቁ ተነሱ። ሰማንያ የዘለቁ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ይመርና መዲና ማይክራፎኑን ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉና «እኛ ስንኳረፍ እነዚህ ሁለቱ አልተኳረፉም» አሉ። «በየምሽቱ ቤታችን ገብተው አጫወቱን። የእኛ ልጅና የእናንተ ልጅ ባልና ሚስት ሆነው እንዲህ ከተስማሙ እኛ ምን ሆነናል? ያ ረቢ፣ ትዳራቸውን አጽናው። ልጅ ስጣቸው።»

የቆላው ወገን በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። የእኛም ወገን ምርቃት ነውና ሳያስበው «አሜን» አለ። ከዚያ ሹክሹክታ መጣ። ለካ ከመዲና መንደር በቀር ቆላው በሙሉ፣ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አይቶ ስለማያውቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ነው ሲያዳምጣቸው የኖረው። ኋላ እንደሰማሁት፣ የፍቅራቸውን ነገር ለሙሽሮች ምሳሌ አድርገው የሚያወሩም ነበሩ። መዲና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ይመርን አየሁት፤ ጆሮው ቀልቷል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ያ ቃል የማያጥረው ሰው አንድ ቃል አጣ። «ተሳስተዋል» ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? አጠገቤ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው እኔን ያያሉ። ተዋበች ክንዴን ያዘችኝ፤ አስለቀቅኋት።

ተነስቼ በዚያ ባዶ ሣር ላይ ስራመድ በአእምሮዬ የመጣው አሊ ነው። አሊ የአባቴ የጡት ልጅ ነበር፤ ማር ከተቀባ አውራ ጣቱ ጠብቶ ልጁ የሆነ፣ ቆላ ያለ የኦሮሞ ልጅ። አዝመራ ሲገባ በየዓመቱ ማሽላ ጭኖ አምባሰል ድረስ ይመጣል፤ አባቴ «ልጄ መጣ» ብሎ እስከ ወንዙ ወርዶ ይቀበለዋል። አንድ ጊዜ አንዲት አክስቴ አሊንና ታላቅ እህቴን ብናጋባቸውስ ስትል አባቴ ሦስት ቀን አኮረፋት። ጡት የተጣባ ሰው ሥጋ ነው፤ ልጅ ነው፤ እንደ ሴት፣ እንደ ወንድ የሚታይበት መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ደጋውም ቆላውም ይህን ሕግ እኩል ያውቀዋል። እኔም ይህን ነው ያሰብኩት። ስለ ሰላም አላሰብኩም።

ማይክራፎኑን ከባሌ እጅ ወሰድኩ። «ሼሁ፣ ሚስቱ እኔ ነኝ» አልኩ። «ምርቃትዎን ግን አልመልስም። ልጅ ስጣቸው ብለዋል፣ አገሩም አሜን ብሏል። ይቺ ልጅ ልጄ ትሁን፤ የእኔም የባሌም ልጅ ትሁን። ማር አምጡና እናጥባት።» ሼህ እንድሪስ «ሀርመ ሆዳ» አሉ በኦሮምኛ፤ ጡት መጣባት የምንለውን ነው። ከቆላው ሴቶች በኩል እልልታው ተነሳ፤ የእኛዎቹ ተቀበሉት። የአምባሰል ሽማግሌዎች ለእንግዶቹ ያመጡት ማር ነበርና ተከፈተ። ይመር አውራ ጣቱን ነከረ፤ መዲና በርከክ ብላ ጠባችው፤ «አባኮ» አለችው፣ አባቴ። ሥራዬ አለቀ ብዬ ወደ ቦታዬ ልመለስ ስል ሼሁ «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ያለ እናት ጡት አለ እንዴ? አንቺም ስጭ እንጂ።» እኔ ለእሱ ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት። ሰው ሁሉ እያየ ጣቴን ማር ውስጥ ነከርኩ። መዲና ጣቴን በአፏ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ይስቅ ነበር። ያኔ ገብቷታል ብዬ ጠረጠርኩ።

ከዚያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማር ተወደደ። ልጅ የሞተበት የደጋ ሰው ከቆላ ልጅ ተቀበለ፤ አንዲት የቆላ ባልቴት ውጫሌ ድረስ ወጥታ አንድ ዲያቆን አጠባች። የጡት ዘመዶች ያሉበትን መንገድ ማን ይዘጋል? በርበሬው ወጣ፣ ምስሩ ወረደ። ሬዲዮው ድምፄን ቆርጦ የዝግጅቱ መክፈቻ አደረገው፤ ይኸው ስንት ዓመት በየምሽቱ እለፈልፋለሁ። በየሄድኩበት «የሰላም እናት» ይሉኛል። ቅናቴን እንዲህ በእልልታ ተቀብሎ በየቤቱ የሚያስገባ አገር አይቼ አላውቅም።

ያላሰብኩበት ነገር ግን ነበር። እኔን ይመር ከፈለገ ሊፈታኝ ይችላል። እሷን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሊፈታት አይችልም። ይመር ቤት ሲገባ ማውራት ጀመረ፤ ስንት ዓመት የናፈቅሁት ጨዋታ ተመለሰ፤ ጨዋታው ሁሉ ስለ እሷ ነው። «ልጄ ዛሬ ምን አለች መሰለሽ?» «ልጄ ጉንፋን ይዟታል፣ ማር አለሽ?» ሌላ ሴት ብትሆን ጸጉሯን እነጫለሁ። የገዛ ልጄን ምን አደርጋታለሁ? እኔ የሰፋሁላትን የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ ስትዳር እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለእኔ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እሷ በዓል በመጣ ቁጥር ሽቶና ሻሽ ይዛ ትመጣለች፣ እግሬን ታጥበኛለች፣ «እማ» ትለኛለች፤ ወደድኳት፤ እየቀናሁባት ወደድኳት። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ይመር የታመመ ጊዜ አልጋው አጠገብ ሌት ተቀን የነበርኩት እኔ ነኝ። ሊያርፍ አንድ ቀን ሲቀረው «መዲናን ጥሩልኝ» አለ። ከባቲ በርራ መጣች። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግቶ አንድ ነገር ሲነግራት አየሁ፤ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ረዘም ያለ ነው። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል። እኔ በሩ ላይ ሾርባ ይዤ ቆሜያለሁ። ምን እንዳላት አልጠየቅኋትም፤ ኩራቴ አልፈቀደም። ቀብሩ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ተዝካሩ አለፈ። ያቺ ሹክሹክታ ግን ስንት ክረምት ስታኝከኝ ኖረች።

ትናንት መዲና ለበዓሉ በባጃጅ ልትወስደኝ መጣች። አሁን የጣቢያው ኃላፊ እሷ ናት፤ ወፈር ብላለች፤ ድሪያዋ ግን ያው ቢጫ ነው። ጣቢያው ፎቅ ላይ ወጥቷል፤ እኔ የሰፋሁትን የግድግዳ ብርድ ልብስ ለመታሰቢያ አንድ ጥግ ሰቅለውታል። ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ አንድም ቦታ አልተፈታም። ከማይክራፎኑ ፊት ተቀመጥን። የአምባሰሉ ማሲንቆ እየሄደ ነው፤ ማይክራፎኑ ገና አልተከፈተም። መዲና ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እማ፣ ያን ቀን ምን አስበሽ ነው ብዬ እጠይቅሻለሁ፤ ተዘጋጂ» አለችኝ።

«አንቺስ» አልኳት፤ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። «አንቺስ ሊሞት ሲል ምን አለሽ?»

መዲና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። «እስከ ዛሬ ሳትጠይቂኝ? እኔ እኮ ‹ስትጠይቅሽ ንገሪያት› ስላለኝ ነው የጠበቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«‹እናትሽ እንደምትሰማኝ አውቅ ነበር› አለኝ። ‹ሬዲዮ ላይ የምስቀው እሷ እንድትሰማኝ ነው። ቤት ስገባ የልጅ ነገር መሐላችን ይቀመጣል፣ አፌ ይያያዛል። ከሩቅ ሆኜ ነበር የማጫውታት። ያን ቀን ተነስታ ማይክራፎኑን ስትነጥቀኝ ግን፣ ለካ እስከዚህ ትወደኛለች ብዬ ደስ አለኝ› አለ። እኔማ እማ፣ ያኔ አባኮን እንደ ሽማግሌ ነበር የማየው። አንቺን ነበር የምፈራው፤ ያ ሚጥሚጣ ወላሂ አይረሳኝም።»

ማሲንቆው ከአምባሰል ወደ ባቲ ተሻገረ። ማይክራፎኑ መከፈቱን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። መዲና ማዳመጫዋን አጠለቀችና አገር በሚወደው በዚያ ድምፅዋ «እናታችን ዘነቡ፣ ያን ቀን በልብሽ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ቅናት» አልኩ። «ቀንቼ ነበር። አሁንም እቀናለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ መዲናም ሳቀች፤ አገሩም በየቤቱ ሳይስቅ አልቀረም። ቀልድ መሰላቸው። እኔ ግን ያንን የሰፋሁትን ብርድ ልብስ እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። አንዲት ሚስት ዕድሜዋን ሙሉ ልትሰማው የምትፈልገውን ቃል፣ ይመር ለእኔ አልነገረኝም፤ ለእሷ ነገራት።